ሾርት ኖት፣ ሞጁል ወይስ አሮጌ መጽሐፍ? ለሳይኮሎጂ፣ ለስታቲስቲክስና ለግሎባል ትሬንድ ብራችሁን የቱ ላይ ታውሉታላችሁ

ሴሚስተር በተከፈተ ቁጥር ሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ አይነት ነው፣ ሾርት ኖቱን (አሳጥረው ጠርዘው ሚሸጡትን) ልግዛ ወይስ ሞጁሉን (የኮርሱን መማሪያ ፒዲኤፍ) ፕሪንት ላስደርግ ወይስ መጽሐፍ ልፈልግ። ለየብቻ ስመልስ ስለከረምኩ አሁን አንዴ በደንብ ጽፌው ለሚጠይቀኝ ሁሉ ልልከው ነው። እዚህ ሀዋሳ ፍሬሽና ሁለተኛ አመት ልጆችን ቲቶሪያል አስጠናለሁ፣ ስለዚህ ልጆቹ ገዝተው ሚያመጡት ነገር ሁሉ በእጄ ያልፋል፣ የቱ እስከ ፋይናል እንደሚደርስ የቱ ሚድ ሳይመጣ እንደሚበታተን አውቀዋለሁ።

ዘንድሮ ደግሞ በጣም ያናደደኝ ነገር አለ። የአክስቴ ልጅ «ሶስቱን በአንድ» ሚል ጥራዝ ገዝታ መጣች፣ ሳይኮሎጂ፣ ስታቲስቲክስና ግሎባል ትሬንድ (የዓለም አቀፍ ግንኙነት ኮርሱ) አንድ ላይ፣ ሽፋኑ ከለር ነው፣ ያምራል። ኩዊዝ ላይ ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት ምንድነው ተብላ ጥራዙ እንዳለው «ቅጣት» ብላ መለሰች፣ ዜሮ ተሰጣት። ልጅቷ አጥንታለች እኮ! ቃል በቃል ነው የያዘችው፣ የተጻፈላት ነገር ነው ስህተቱ።

አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ለሳይኮሎጂ ሞጁሉን አስጠርዙ፣ ለስታቲስቲክስ አሮጌም ቢሆን ደህና መጽሐፍ ግዙ፣ ግሎባል ትሬንድን ስልካችሁ ላይ አንብቡ፣ ተዘጋጅቶ ሚሸጠውን ሾርት ኖት ግን አትግዙ። ራሳችሁ ሞጁሉን አንብባችሁ ምትጽፉት ሾርት ኖት ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ሁሌም እመክራለሁ፣ ማን እንደጻፈው ማይታወቀውን ነው ምላችሁ።

አሁን ወደ ዋጋው። ጥራዙን መጀመሪያ 450 ብር ይሏችኋል፣ ከተከራከራችሁ 380 ይወርዳል፣ ከዛ በታች የገዛ ሰው አላየሁም። የአክስቴ ልጅ ያመጣችው 92 ገጽ ነው፣ ስለዚህ በ380 እንኳን ብትገዛው ለአንድ ገጽ 4 ብር ከምናምን ከፈለች ማለት ነው። ሞጁሉ ራሱ ነፃ ነው፣ ፒዲኤፉ ቴሌግራም ላይ ሞልቷል፣ ምትከፍሉት ለወረቀትና ለቀለም ብቻ ነው። እኔ ምሄድበት ኮፒ ቤት ፕሪንት 5 ብር ፎቶ ኮፒ 3 ብር ነው። 200 ገጽ ሚሆን ሞጁል በቀጥታ ፕሪንት ልታስደርጉ ከሄዳችሁ 1000 ብር ይመጣባችኋል፣ ብዙ ልጆች ይሄን ሲሰሙ ደንግጠው ነው ወደ ሾርት ኖት ሚሮጡት፣ ግን እንደዛ ማድረግ አያስፈልግም። ሁለት ገጽ አንድ ፊት ላይ እንዲወጣ ንገሩት፣ 200 ገጹ 100 ፊት ይሆናል። አምስት ሁኑና አንዱን ብቻ ፕሪንት አስደርጉ 500 ብር፣ አራቱን ከሱ ላይ ፎቶ ኮፒ በ300 በ300፣ ጠቅላላ 1700 ለአምስት ሲካፈል 340፣ ጥረዛ 60 ብር ጨምሩ፣ በ400 ብር ሙሉ ሞጁል እጃችሁ ገባ፣ ገጹ 2 ብር ብቻ ነው፣ የሾርት ኖቱ ግማሽ።

ጥረዛው ላይ ግን ንቁ፣ እዛ ላይ ነው ብዙ ሰው ሚከስረው። በሙጫ ብቻ ሚለጠፈውን እንዳታስደርጉ፣ መሀሉን ገልጣችሁ ጠረጴዛ ላይ እንዳስተኛችሁት ይሰነጠቃል ከዛ ቅጠል በቅጠል ይረግፋል። ያ ጥርስ ጥርስ ያለው ፕላስቲክም ቦርሳ ውስጥ ከተጨፈለቀ ጥርሶቹ ይከፈቱና ወረቀቱ ይወጣል፣ መልሶ ለማስጠረዝ እንደገና ትከፍላላችሁ፣ ቀዳዳው ከተቀደደ ደግሞ በስኮች እያንዳንዱን ገጽ መለጠፍ ነው፣ ይሄን ስራ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብዬ ሰርቼዋለሁ ማታ ሙሉ ይፈጃል። የተጠማዘዘውን ስፓይራል ጠይቁ። ሌላው፣ ሁለት ገጽ በአንድ ሲታተም በግራ በኩል ህዳግ እንዲተው አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ካልተናገራችሁ የመብሻው ቀዳዳ ጽሑፉ ላይ ያርፋል። የመጀመሪያዋ ገጽ ስትወጣም በአውራ ጣታችሁ ሸት አድርጓት፣ ጥቁር ከለቀቀ ቶነሩ በደንብ አልያዘም፣ ሌላ ኮፒ ቤት ሂዱ።

ወደ ይዘቱ ስንመጣ ሳይኮሎጂ ላይ ሾርት ኖቱ ሚያደርሰው ጉዳት አስቀድሜ የነገርኳችሁ አይነት ነው፣ ሲያሳጥሩት ትርጉሙን ይገለብጡታል። ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት ማለት ደስ ማይል ነገር ሲወገድልህ ያንን ድርጊት ደግመህ ምታደርገው ሲሆን ነው። ሀይቁ ዳር አካባቢ ቤት የተከራየ ልጅ ይገባዋል፣ ማታ ትንኝ ያስቸግረዋል፣ አጎበር ሲዘረጋ ንክሻው ይቀራል፣ ነገም ይዘረጋል። ድርጊቱ ጨመረ አይደል? ቅጣት ግን ድርጊቱን ሚቀንስ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው። ሞጁሉ ይሄን በምሳሌ አስረድቶ ነው ሚያልፈው፣ ሾርት ኖቱ ቦታ ለመቆጠብ ምሳሌውን ያወጣና ባዶ ትርጉም ያስቀራል፣ እሱም የተሳሳተ። ጀርመናዊው ዉንት እ.ኤ.አ. በ1879 ላይፕዚግ የሳይኮሎጂ ላብራቶሪ ከፈተ ሚለውን አይነት ነገር ሾርት ኖትም ላይ በትክክል ታገኙታላችሁ፣ አመተ ምህረት መገልበጥ ቀላል ነው፣ ሀሳብ ነው ከባዱ።

ለሳይኮሎጂ አሮጌ መጽሐፍ ለምን አልመከርክም ምትሉኝ አላችሁ። ምክንያቱም ያረጃል። መንገድ ዳር በ300 በ400 ሚሸጡት ወፋፍራም መጽሐፎች አብዛኞቹ ዲኤስኤም 5 (የአእምሮ መታወኮች ሚመደቡበት የአሜሪካኖች መመሪያ) ከመውጣቱ በፊት የታተሙ ናቸው፣ እሱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፣ አስፐርገር (አሁን በኦቲዝም ስር ሚካተተው) ለብቻው እንደ አንድ መታወክ መቆጠሩ የቀረው እዛ ላይ ነው። አሮጌውን ይዛችሁ የአብኖርማል ሳይኮሎጂን ምዕራፍ ካጠናችሁ የቀረ ነገር ትጽፋላችሁ። ሞጁሉ ካነሳችሁ ደግሞ ኦፐንስታክስ ሚባለው አለ፣ አሜሪካ ያለው ራይስ ዩኒቨርሲቲ ሚያወጣው፣ የሳይኮሎጂም የስታቲስቲክስም መጽሐፍ አላቸው፣ ዳውንሎዱ ነፃ ነው ህጋዊም ነው፣ ዳታ ብቻ ነው ወጪው።

ስታቲስቲክስ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፣ እዚህ አሮጌ መጽሐፍ ንጉስ ነው። ሚዲያን (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሀል ላይ ሚውለው ቁጥር) ከ30 አመት በፊትም ሚዲያን ነው፣ ዛሬም ያው ነው። የአምስት ልጆች ወርሃዊ ገንዘብ 2000፣ 2000፣ 2500፣ 3000ና 20000 ቢሆን አማካዩ 5900 ይመጣል፣ ከአምስቱ አራቱ ግን ከሱ በታች ናቸው፣ ሚዲያኑ 2500 ነው እውነቱን ሚነግራችሁ፣ ይሄ በየትኛውም ኤዲሽን አይቀየርም። ስለዚህ 4ኛ ኤዲሽን ነው 9ኛ ነው ብላችሁ ብር አትጨምሩ፣ ምትፈልጉት መልሱ ከኋላ ያለው ብዙ መልመጃ ያለበት መጽሐፍ ነው። በ550 ብር ደህና ኦሪጅናል ይገኛል፣ ሲጨርሱ በ450 ሚሸጡ ልጆች አሉኝ፣ ያወጣችሁት 100 ብር ብቻ ነው ማለት ነው። ሾርት ኖቱን በቀጣዩ አመት ማን ይገዛችኋል፣ ሽፋን ቀይረው አዲስ ብለው ያወጡታል።

«ኦሪጅናል ነው» ተብሎ ሚሸጥ ፎቶ ኮፒ መጽሐፍ ደግሞ አለ፣ ሽፋኑ ብቻ በከለር ታትሞ ውስጡ ኮፒ ሆኖ። እሱን ምትለዩበት መንገድ ቀላል ነው፣ መጨረሻ ላይ ያለውን የዜድ ቴብል (በኖርማል ኩርባው ስር ያለውን ስፋት ሚሰጠውን ሰንጠረዥ) ግለጡ። ደቃቅ ቁጥር ስለሆነ ኮፒ ሲደረግ 3 እና 8 አይለዩም፣ የቀነስ ምልክቷ ትጠፋለች። እዛ ላይ ካልተነበበ ሌላውን ገጽ እንኳን አትዩት። ሾርት ኖቱ እዚህ ላይ የባሰ ነው። ሁለት አይነት ቴብል አለ፣ አንዱ ከመሀል ጀምሮ ያለውን ስፋት ነው ሚሰጠው ለ1.96 0.4750 ይላል፣ ሌላው ከግራ ጫፍ ጀምሮ ስለሚቆጥር 0.9750 ይላል። ያ ጥራዝ ሁለተኛውን ቴብል ለጥፎ ምሳሌዎቹን በመጀመሪያው ሰርቷቸዋል፣ የቱ እንደሆነም አልተጻፈም። ልጆቹ 0.5 ይደምራሉ ይቀንሳሉ መልሱ አልመጣ ይላል፣ ራሳቸውን ደደብ አድርገው ይቆጥራሉ፣ ያሳዝናል። ሲግማና ሚዩ ሚባሉት ምልክቶች ደግሞ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ተከፍቶ ነው መሰለኝ የታተመው ሁሉም ባዶ ሳጥን ሆነዋል፣ ፎርሙላው ሳጥን ሲደመር ሳጥን ነው!

ፒ ቫልዩንም «ናል ሃይፖተሲሱ እውነት የመሆን ዕድል» ብሎ ጽፎታል። አይደለም። ናል ሃይፖተሲሱ (ልዩነት ወይም ግንኙነት የለም ሚለው መነሻ ግምት) እውነት ነው ብለን ብንነሳ እኛ ያገኘነውን ያህል ወይም ከዛ የራቀ ውጤት የማግኘት ዕድል ነው። ልዩነቱን ካልያዛችሁት ሪሰርች ላይ ስትደርሱ ጉድ ትሆናላችሁ።

ካልኩሌተርም እዚሁ ላንሳው፣ ምክንያቱም ለስታቲስቲክስ ሌላው ወጪ እሱ ነው። ካሲዮ የተጻፈበት ሁሉ ካሲዮ አይደለም። ኮፒው ዋጋው የኦሪጅናሉን ሲሶ ይሆናል፣ ግን ሴሚስተሩ ሳያልቅ ቁልፉ መጫን ያቆማል፣ ጠጋኝ ጋ ስንወስደው ውስጡ ያለው ጎማ ተበልቷል መቀየሪያ የለውም ነው ያለን። ሱቅ ላይ ቆማችሁ ይሄን አስገቡ፦ 2፣ 4፣ 4፣ 4፣ 5፣ 5፣ 7፣ 9። አማካዩ 5 መምጣት አለበት። ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ) ሁለት አይነት ይሰጣችኋል፣ በጠቅላላ ቁጥሩ በ8 ሲካፈል ልክ 2፣ በአንድ ተቀንሶ በ7 ሲካፈል 2.138 ገደማ። ሁለቱንም ካላወጣ መልሱለት። የቱን መቼ እንደምትጠቀሙም እዛው ያዙት፣ ዳታው ሙሉ ፖፑሌሽን ከሆነ የመጀመሪያውን፣ ናሙና ወስዳችሁ ስለ ፖፑሌሽኑ ምትገምቱ ከሆነ ሁለተኛውን።

ግሎባል ትሬንድ ላይ ብዙ አልልም፣ ብር አታውጡበት። ፒዲኤፉን ስልክ ላይ ማንበብ ይበቃል፣ ቴብልም ፎርሙላም የለውም። አሮጌ የኢንተርናሽናል ሪሌሽን መጽሐፍ ደግሞ ከሳይኮሎጂውም ይብሳል፣ የተመድ አባላት እ.ኤ.አ. በ2011 ደቡብ ሱዳን ስትገባ 193 መሆናቸውን እንኳን አታገኙበትም። ሾርት ኖቱ ሪያሊዝምን በሁለት መስመር ሊበራሊዝምን በሁለት መስመር ሰንጠረዥ ውስጥ ከቶ ያልፋል፣ ፈተና ላይ ግን ሚጠየቀው በምሳሌ አስረዱ ነው። እኔ ልጆቹን አባይን ይዘው እንዲያጠኑ ነው ምነግራቸው። ሪያሊስቱ ግብፅና ኢትዮጵያ እያንዳንዳቸው ለደህንነታቸውና ለጉልበታቸው ሲሉ ነው ሚንቀሳቀሱት፣ ከመንግስታት በላይ ሚዳኝ አካል የለም ይላል። ሊበራሉ እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመውን የናይል ቤዝን ኢኒሼቲቭ (የአባይ ተፋሰስ አገሮች የትብብር ተቋም) እና እ.ኤ.አ. በ2015 ካርቱም ላይ የተፈረመውን የህዳሴ ግድብ የመርሆች ስምምነት ያነሳል፣ ተቋምና ስምምነት ትብብርን ያመጣል ብሎ። ኮንስትራክቲቪስቱ ደግሞ ሁለቱ ህዝቦች ስለ ወንዙ ያላቸው ማንነትና ታሪክ ነው ጥቅማችን ሚሉትን ራሱ ሚቀርጸው ይላል። ይሄን አንዴ በወረቀት ከሰራችሁት ሰንጠረዥ መሸምደድ አያስፈልጋችሁም።

ሲደመር እንግዲህ፣ ሞጁል 400፣ የስታቲስቲክስ መጽሐፍ ተሸጦ ሲመለስ 100፣ ግሎባል ትሬንድ ዜሮ፣ 500 ብር። ከሾርት ኖቱ በ120 ይበልጣል። መጀመሪያ ላይ ግን 950 ከኪስ መውጣቱ እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ በተለይ ከቤት በወር ትንሽ ብር ለሚላክላችሁ። እንደዛ ከሆነ መጽሐፉን ሁለት ሶስት ዶርም ሜት ሆናችሁ ግዙት፣ ስታቲስቲክስ አንድ ላይ ሲሰራ ይሻላል እንጂ አይጎዳም። መጽሐፉን ደግሞ ሰኔ ላይ ተመራቂዎች ጓዛቸውን ሲያራግፉ ፈልጉት፣ ያኔ 550 ሚባለውን በ400ም ይሰጧችኋል፣ ስትሸጡ ግን ሰኔ ላይ አትሽጡ፣ አዲሶቹ እስኪገቡ ያዙት።