ለሁለት ስፒከር የትኛው አምፕ? ያማሃ አር-ኤስ 202 ጎንደር ቤት ውስጥ

መልሱን ቶሎ ለምትፈልጉ፦ ያሏችሁ ሁለት ስፒከሮች ብቻ ከሆኑ፣ ዘፈን የምታጫውቱት ከስልክ በብሉቱዝ ከሆነና አልፎ አልፎ ኤፍኤም ከከፈታችሁ ያማሃ አር-ኤስ 202 ስቲሪዮ ሪሲቨር (ራዲዮ ያለው አምፕ፣ ማለትም ስፒከር የሚያሠራ የድምፅ ማጉያ፣ የዲሽ ሪሲቨር አይደለም) በደንብ ይበቃችኋል፣ ግን የ220 ቮልቱን ነው ያልኩት። ቲቪዬን በኦፕቲካል (ድምፅ በብርሃን በሚያስተላልፈው ገመድ) ላገናኝ ወይም ሸክላ ላጫውትበት የሚል ሰው ደግሞ ይሄን ባይገዛ ይሻላል፣ ምክንያቱ እታች አለ።

እኔ ቤት ያሉት ስፒከሮች አጎቴ ከውጭ ሲመለስ ይዟቸው የመጣ የእንጨት ሳጥን ያላቸው ትናንሽ ናቸው፣ ጀርባቸው ላይ 8 ኦም (ለኤሌክትሪክ ያላቸው መቋቋም) 86 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ይላል፣ የራሳቸው አምፕ ስለሌላቸው ስንት ዘመን የአበባ ማስቀመጫ ሆነው ኖሩ። ከነሱ ሌላ የአባቴ ካሴት ዴክ አለ፣ ቲቪ አለ፣ ስልክ አለ፣ እነዚህን አንድ ላይ የሚያሠራልኝ ነገር ነው የፈለግኩት እንጂ ግድግዳው ዙሪያ ስፒከር የሚሰቀልበት ሆም ቴአትር አላማረኝም። ሳሎናችን ማራኪ በኩል ያለ የብሎኬት ቤት ነው፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ድምፅ የሚያስተጋባ ዓይነት።

ፒያሳና አራዳ ያሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ስትገቡ መጀመሪያ የሚነገራችሁ ዋት ነው። "ወንድሜ ይሄ 5000 ዋት ነው፣ ሰፈሩን ነው የሚያነቃንቅልህ።" እሺ ጋሼ፣ እስቲ ይገልብጡልኝና ጀርባውን ልየው። ጀርባው ላይ የኃይል ፍጆታው 60 ዋት ይላል! ከግድግዳ 60 ዋት የሚስብ ዕቃ 5000 ዋት ከየት አባቱ አምጥቶ ነው የሚያወጣው? ያ ፒኤምፒኦ የሚሉት ቁጥር ነው፣ ከሽያጭ ውጪ ለምንም አይሆንም፣ የሚታየው አርኤምኤስ (ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል) የሚለው ነው፣ እሱም በስንት ኦም እንደተለካ አብሮ ከተጻፈ ነው የሚታመነው። ሱቅ ስትገቡ እቃውን ማስገልበጥ አትፈሩ፣ ሻጩ ደስ አይለውም ግን ፊት ለፊት የተለጠፈውና ጀርባው ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ አይተዋወቁም።

ደግሞ ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፅ እጥፍ አይሆንም። ከ50 ዋት ወደ 100 ስትሄዱ የሚጨመርላችሁ 3 ዲሲቤል ብቻ ነው፣ ጆሯችሁ "ትንሽ ከፍ አለ መሰለኝ" የሚለው ያህል፣ ድምፁ እጥፍ ሆነ ለማለት ዋቱ ወደ አስር እጥፍ መጠጋት አለበት። ስፒከሬ ላይ የተጻፈው 86 ዲሲቤል ማለት አንድ ዋት ብቻ ሰጥቼው 1 ሜትር ላይ ቆሜ የምሰማው ነው፣ እሱ ራሱ ሳሎን ውስጥ ሰው ሳይጮህ የማይነጋገርበት ድምፅ ነው እኮ፣ ስለዚህ ማታ ለራሴ ቀስ አድርጌ ስሰማ አምፑ አንድ ዋትም አይሠራም ማለት ነው። 86ቱን ስፒከር በ90 ዲሲቤል ስፒከር መቀየር አምፑን ከ40 ዋት ወደ 100 ዋት እንደማሳደግ ነው፣ ብር ካላችሁ ስፒከሩ ላይ አውሉት የምለው ለዚህ ነው። (ክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ግን የትኛውም ዋት አያዋጣም፣ አጥፍቶ ቡና ማፍላት ነው።)

ሌላው የሚቀርብላችሁ ያገለገለ 5.1 ሪሲቨር (አምስት ስፒከር የሚያሠራ፣ ለሰብዉፈር ማለትም ለባስ ስፒከር ማውጫ ያለው የሆም ቴአትር አምፕ) ነው፣ "ያው ሁለቱን ብቻ ትጠቀማለህ" እየተባለ። እውነት ነው ይሠራል፣ ሜኑው ውስጥ ገብታችሁ የፊት ስፒከር ብቻ ነው ያለኝ ትሉታላችሁና ስቲሪዮ ያጫውታል፣ ግን የማትጠቀሙባቸውን ሦስት ቻናሎች ገዝታችኋል፣ የተጻፈው ዋት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ቻናል ብቻ ሲሠራ የተለካ ነው፣ የድሮዎቹ ኤችዲኤምአይ ደግሞ 4ኬ አያሳልፍም። አንድ ሱቅ ውስጥ ከፍተህ አሰማኝ ስለው "ቤትህ ወስደህ ሞክረው፣ ግን ከወጣ አይመለስም" አለኝ፣ አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። በጣም ረክሶ ካገኛችሁትና ቲቪውን በኤችዲኤምአይ ኤአርሲ (የቲቪውን ድምፅ በዚያው ገመድ ወደ አምፑ የሚመልሰው) ማገናኘት ከፈለጋችሁ ብቻ አስቡበት።

ወደ ያማሃው ስመጣ፣ 100 ሲደመር 100 ዋት ነው በ8 ኦም፣ ይሄኛው የምር ቁጥር ነው። 7 ኪሎ አይሞላም፣ ስፋቱ ግን የድሮ ቪዲዮ ማጫወቻ ያህል ነውና የቲቪ መደርደሪያችሁን ለኩ፣ ሲሞቅ አየር እንዲያገኝ ከላዩ ዳንቴል አታልብሱት (እናቴን ማሳመን የከበደኝ ይሄ ነው)። ብሉቱዝ፣ ራዲዮ፣ ሪሞት፣ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አለው፣ ቀይና ነጩ የአርሲኤ መግቢያም ስላለው ካሴት ዴኩ ያለምንም ጣጣ ገባለት። ድምፁን በምን ፈተንከው ካላችሁኝ በበገና ነው፣ በዐቢይ ጾም እኛ ቤት ከበገና ሌላ ነገር አይከፈትም፣ በገና ደግሞ ጉዳቸውን የሚያወጣባቸው መሣሪያ ነው፣ እያንዳንዱ አውታር ሥር ያለችው እንዝራ የምትፈጥራት ንዝረት ርካሽ አምፕ ላይ ድፍን ያለ ጉርምርምታ ሆና ነው የምትሰማው፣ እዚህ ላይ ግን አውታሩ ሲመታና ንዝረቱ ሲከተል ለየብቻ ይለያል፣ የሰውየው ትንፋሽ ሳይቀር መሀል ላይ ቁጭ ይላል። ማሲንቆም ላይ ጭራው አውታሩን ሲፍቀው ያለው ሻካራነት አለ፣ ጆሮ ግን አይወጋም። ባስ ላይ ተአምር አትጠብቁ፣ ትንሽ ስፒከር ትንሽ ስፒከር ነው።

ጉድለቱ እንግዲህ። ኦፕቲካል መግቢያ የለውም፣ የዛሬ ቲቪዎች ደግሞ ብዙዎቹ አርሲኤ ማውጫ የላቸውም፣ እኔ ኦፕቲካሉን ወደ አርሲኤ የምትቀይር ትንሽ ዳክ (ዲጂታል ድምፅን ወደ አናሎግ መቀየሪያ) ገዝቼ ነው ያለፍኩት፣ ቲቪው ላይ የድምፅ ማውጫውን ፒሲኤም (ተራው ያልተጨመቀ ስቲሪዮ) ካላደረጋችሁት ዝም ይላል ወይም ይንጫጫል። ፎኖም (የሸክላ ማጫወቻ መግቢያ) የለውም፣ ሸክላ ማጫወቻ የሚያወጣው ጥቂት ሚሊቮልት ስለሆነ ቀጥታ ብትሰኩት እንደ ትንኝ ነው የሚሰማው፣ ለብቻው ፎኖ ፕሪአምፕ ይፈልጋል። ለሰብዉፈርም ማውጫ አልሠሩለትም። የስፒከር ገመድ የሚገባበትም ተጭኖ የሚለቀቅ ማስያዣ ነው፣ ወፍራም ገመድ ያስቸግራል። ኤ እና ቢ የሚል የሁለት ጥንድ ስፒከር መቀየሪያ አለው፣ ይሄን አይተው አራት ስፒከር አብረው የሚከፍቱ አሉ፣ ጀርባውን አንብቡ፣ አንዱን ጥንድ ብቻ ስትከፍቱ ቢያንስ 8 ኦም፣ ሁለቱን አንድ ላይ ስትከፍቱ እያንዳንዱ ስፒከር ቢያንስ 16 ኦም ይላል፣ 4 ኦም ስፒከር ያለው ሰው ጭራሽ ሌላ አምፕ ይፈልግ።

ሸክላ ላላችሁ ሶኒ ኤስቲአር-ዲኤች 190 አለ፣ እሱም 100 ዋት በቻናል፣ ብሉቱዝም ፎኖም አለው፣ ኦፕቲካል ግን እሱም የለውም። ሁሉንም የያዘው ያማሃ ኤ-ኤስ 301 ነው፣ ኦፕቲካል፣ ኮአክሲያል (ሌላው ዲጂታል መግቢያ)፣ ፎኖ፣ የሰብዉፈር ማውጫ፣ ጥሩ የስፒከር ማስያዣ፣ ራዲዮና ብሉቱዝ ግን አብሮት የለም፣ በወረቀት 60 ዋት ስለሚል ሱቅ ውስጥ "ይሄማ ደካማ ነው" ይሏችኋል፣ ከ100 ዋቱ ጋር ያላቸው ልዩነት 2 ዲሲቤል ምናምን ነው፣ አትስሟቸው። ብር ቢተርፈኝ የምወስደው እሱን ነበር።

አሁን ወደ ዋናው፣ መብራት። አሜሪካ ያለ ዘመድ አምፕ ሲልክላችሁ ጀርባው ላይ 120 ቮልት 60 ኸርዝ የሚል ከሆነ ሶኬት ላይ እንዳትሰኩት፣ እኛ ጋ 220 ነው፣ ቢቀናችሁ ፊውዝ፣ ካልቀናችሁ ትራንስፎርመሩ ነው የሚሄደው። ወይ 220ን ወደ 110 የሚቀንስ ትራንስፎርመር መግዛት ነው፣ የአምፑን ፍጆታ በደንብ የሚችል፣ ወይ ከዱባይ በኩል የገባውን የ220 መፈለግ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ነው ደግሞ ብዙ እቃ የሚቃጠለው፣ ለፍሪጅ ተብሎ የሚሸጠው መብራት ሲመጣ ትንሽ አዘግይቶ የሚለቀው መከላከያ ለአምፕም ያገለግላል፣ እሱም ከሌለ መንቀል ነው፣ በሪሞት ማጥፋት ማጥፋት አይደለም።

መብራት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋበት ሰፈር ያላችሁ ሰዎች ግን ያማሃውን እርሱትና ቲፒኤ 3116 የምትባል ቺፕ ያለባቸውን የቻይና ሚኒ አምፖች እዩ። መዳፍ የምታህል ሳጥን ናት፣ ሰው ይንቃታል፣ ግን ቺፗ ከ4.5 እስከ 26 ቮልት ዲሲ ድረስ ትሠራለች፣ ስለዚህ 12 ቮልት ባትሪ ላይ በቀጥታ ትሰኳታላችሁ፣ ሶላር ያለው ሰው ኢንቨርተር እንኳ አያስፈልገውም፣ ፖዘቲቩ ላይ ፊውዝ ማስገባት ብቻ አትርሱ። በ12 ቮልት 8 ኦም ስፒከር ላይ ወደ 9 ዋት በቻናል ታገኛላችሁ፣ በ24 ቮልት 30 አካባቢ፣ ዘጠኙ ዋት ከላይ ባልኩት ሒሳብ ለአንድ ሳሎን ትርፍ ነው። ሳጥኑ ላይ 100 ሲደመር 100 ይላል፣ አብሮት የመጣው አዳፕተር 24 ቮልት 4.5 አምፔር ከሆነ በጠቅላላ 108 ዋት ነው፣ 200 ዋት አይወጣውም፣ እሱን ሳቁበትና እለፉት። አዘዞ ያለ ጓደኛዬ እንደዚህ ነው የሚጠቀመው፣ ሰፈሩ ጨለማ ሆኖ እሱ ቤት ዘፈን አለ፣ ድምፁም ከያማሃው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠን ስንሰማ ቀስ ተደርጎ ሲከፈት አይለያዩም፣ ከፍ ሲል ነው የሚኒዋ ድምፅ ቶሎ የሚሰነጣጠቀው።

ዋጋ አልጻፍኩም፣ ከ2016 ሐምሌ ጀምሮ ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ወር አይሆንም፣ ደውላችሁ ሁለት ሦስት ሱቅ ጠይቁ፣ አዲስ አበባ ካለ ሰው ጋርም አወዳድሩ፣ የማጓጓዣውን ጨምራችሁ።

ገመድ ላይ ብዙ አታውጡ፣ እውነተኛ መዳብ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ለሳሎን በቂ ነው፣ ግን በቢላ ፋቅ አድርጉት፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ያ ከሆነ ወፈር ያለውን ውሰዱ። ቀዩን በቀይ ጥቁሩን በጥቁር፣ አንዱ ስፒከር ላይ ከተገለበጠ ባሱ ይጠፋል፣ የዘፋኙም ድምፅ መሀል መቆሙን ይተውና ይበታተናል፣ "አምፑ አይረባም" ከሚሉት ውስጥ ስንቱ ይሄ ነው ችግሩ። ለኔ ሳሎን ከአምፑ እኩል የጠቀመው ወለሉ ላይ ያነጠፍኩት ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ነው።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ስፒከር አስገጥሙና ምንም ሳታጫውቱ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ጆሯችሁን አስጠጉ፣ ቀጭን ፉጨት ችግር የለውም፣ ወፍራም እምምም የሚል ካለ ተዉት፣ ቮልዩሙን ስታዞሩት ቸር ቸር ካለ ብዙ ጊዜ በጽዳት የሚድን ነው፣ ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማችኋል። ከዛ ባላንሱን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙራችሁ ሁለቱም ወገን እኩል መጮሁን ሳታዩ ብር አትቁጠሩ።