ሰኞ ሰኞ አልነሳ ያለችኝን ቪትዜን ላዳኑልኝ ባለሙያ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ከልቤ ለማመስገን ነው። ደግሞም መኪናው እንደኔ መላ ቅጡ ለጠፋበት ይጠቅም ይሆናል።

ከአራት ወር በላይ ቪትዜ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ትለኝ ነበር። ቁልፉን ሳዞረው ቀጭ ቀጭ ብቻ። አውቶማቲክ ስለሆነች በግፊ አትነሳም። ጀሞ በምንኖርበት ኮንዶሚኒየም በኬብል ያላስነሳልኝ ጎረቤት የለም። ልጆች ትምህርት ቤት ለማድረስ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የሰው በር ማንኳኳት ምን ያህል እንደሚያሳቅቅ የደረሰበት ያውቀዋል።

መጀመሪያ ባትሪ ቀየርኩ። ትንሽ ሰራችና ያው ሆነች። ቀጥሎ ሞተሩ ሲሰራ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ነው ተባልኩ፤ ተፈቶ ተጠገነ። ከዚያ ሁለተኛ ባትሪ። በመጨረሻ አንድ ጋራዥ «ኮምፒውተሯ ይቀየር» ሲለኝ ልሸጣት ወሰንኩ። እስከዚያ ድረስ አንድም ሰው መለኪያ አውጥቶ አላየልኝም።

ሳሪስ ያሉትን ኤሌክትሪሺያን የጠቆመችኝ የስራ ባልደረባዬ ናት። ሸበት ያሉ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ኮፈኑን ሳይከፍቱ ጥያቄ ጀመሩ። «በብዛት የምታስቸግርሽ ምን ቀን ነው?» አስቤበት አላውቅም ነበር። ሳስታውስ ሰኞ ነው። «ቅዳሜና እሁድ ትቆማለች?» አዎ፣ አርብ ማታ ካቆምኳት አልነካትም። «እንግዲያው ቆማ ሳለ ባትሪውን የሚበላ ነገር አለ» አሉኝ።

ሞተሩን አስነስተው ባትሪው ላይ ለኩ። 14.2 ቮልት። ዲናሞው ጤነኛ ነው ማለት ነው። ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈቱና መለኪያቸውን በመሀል አስገቡ። የበሩን መቆለፊያ በካቻቢቴ ገፋ አድርገው በሩ ክፍት ሳለ መኪናዋ የተዘጋ እንዲመስላት አደረጉ።

ቀጥሎ ቁጭ አልን። መኪና ስትቆለፍ ውስጧ ያሉት ኮምፒውተሮች ወዲያው አይተኙም፣ ቸኩሎ የለካ ይሳሳታል አሉኝ። ቡና አስመጡ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። እኔን የገረመኝ ይሄ ትዕግስት ነው።

ቆማ ሳለ ከባትሪው የሚወጣው ኤሌክትሪክ 0.38 አምፔር ላይ ቆመ። ጤነኛ መኪና ከ0.05 ባታልፍ ነው የሚመረጠው። ለረዳታቸው እያስረዱ ሂሳቡን በወረቀት ሰሩልኝ። ከአርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት 60 ሰዓት ገደማ ነው። በ0.38 ሲባዛ ወደ 23 አምፔር ሰዓት ይሆናል። የኔ ባትሪ ደግሞ ሙሉ ሲሆን የሚይዘው 35 ነው። ሁለት ሶስተኛው አልቆ እንዴት ትነሳ! አዲሶቹን ባትሪዎች የገደላቸውም ይኸው በየሳምንቱ መራቆት ነው።

ፊውዞቹን አንድ በአንድ አልነቀሉም፤ ሲነቀልና ሲመለስ የተኛው ይነቃል። በፊውዙ ጀርባ ያሉትን ሁለት ነጥቦች በመለኪያው እየነኩ ሚሊቮልት ፈለጉ። ኤሌክትሪክ የማያልፍበት ፊውዝ ዜሮ ያሳያል። የቴፑ መስመር ላይ ሲደርሱ ቁጥር ብቅ አለ።

ባለስክሪኑን ቴፕ ፈትተው ሲያወጡት ነገሩ ፍንትው አለ። ቢጫው ሽቦ ሰዓቱንና ጣቢያዎቹን እንዲያስታውስ ሁልጊዜ ኃይል ያገኛል። ቀዩ ግን ማግኘት ያለበት ቁልፍ ሲዞር ብቻ ነው። የገጠመልኝ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ጠምዝዞ በፕላስተር ጠቅልሏቸዋል። ለካ ስክሪኑን ሁሌ በእጄ የማጠፋው ለዚህ ነበር። ቁልፉ ሲወጣ አብሮ መጥፋት እንዳለበት ማን ነግሮኝ! በእጄ ባጠፋውም ውስጡ ቀን ከሌት አይተኛም ነበር።

ቀዩን ከቁልፉ መስመር ጋር አገናኝተው በሊድ በየዱት፤ ላስቲክም አለበሱት። እንደገና ጠብቀው ለኩ። 0.02። የከፈልኩት የአንዱን ባትሪ ዋጋ ሩብ አይሞላም።

ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፣ አላስፈቀድኳቸውም። መኪናው ያስቸገረው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ጠይቄ አገናኘዋለሁ። ጠዋት መሄድ ይሻላል፣ ከሰዓት በኋላ ይጣበባሉ። ሌላ ጋር የምትሄዱም ብትሆኑ ዕቃ ከመቀየራችሁ በፊት «ለክተኸዋል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። እጅዎ ይባረክ። ትናንት ሰኞ ነበር፤ ልጆቼ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ትምህርት ቤት ደርሰዋል።