የወጥ ቤት ትራፊ፦ በክምር ወይስ በትል?

የምግብ ትራፊ ከቆሻሻ ጋር ተቀላቅሎ ሲቀበር አየር ባጣ ቦታ ይበሰብስና ምድርን የሚያሞቅ ሚቴን የተባለ ጋዝ ያወጣል። ቤት ውስጥ ኮምፖስት ማድረግ፣ ማለትም ትራፊውን አብላልቶ ማዳበሪያ ማድረግ፣ ይህን በእጅጉ ይቀንሳል። ትራፊውን ከምሮ ማብላላት ይሻላል ወይስ ሣጥን ውስጥ ለትል መስጠት?

ግቢ ላለው ሰው ክምር ይመቻል። ብዙ ይችላል፤ ሣሩንም ቅጠሉንም ይቀበላል። በደንብ ከተሠራ መሃሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፤ አብዛኛው የአረም ዘር በዚሁ ይሞታል። ግን በየጊዜው መገልበጥ አለበት። እርጥበቱን ለማወቅ አንድ እፍኝ ጨምቃችሁ እዩ። እጅ አርጥቦ ውሃ ካላንጠባጠበ ልክ ነው። ከሸተተ አየር አጥሮታል ማለት ነው፤ ገልብጡትና ደረቅ ቅጠል ወይም የተቀደደ ካርቶን ጨምሩበት።

አፓርታማ ውስጥ ግን የትል ሣጥን ነው የሚያዋጣው። በደንብ ከተያዘ ሽታ የለውም፣ መገልበጥም አይፈልግም። የሚያስፈልገው ቀዩ የኮምፖስት ትል ነው እንጂ ጓሮ ተቆፍሮ የሚወጣው አይደለም፤ ለጓሮው ትል ሣጥን አይስማማውም። ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ጥላ ቦታ አስቀምጡት። ሎሚና ሽንኩርት አታብዙበት። የሚወጣው ማዳበሪያ ትንሽ ቢሆንም ለአበባ ማሰሮ ግሩም ነው።

ሥጋና ዘይት ለሁለቱም አይሆኑም። እኔን ከጠየቃችሁ፣ ቦታው ካለ ክምሩ ይቅደም። የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ልጣጭ ለትሎቹ ቶሎ ይበዛባቸዋል።