ሁለት ዓመት የተማርኩት የክሊኒካል ሪሰርች ማስተርስ፦ የሚመሰገነውና የሚወቀሰው

ትምህርቱን ስጀምር ነርስ ነበርኩ፤ ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት ያህል በመድኃኒት ሙከራዎች ላይ ሠርቻለሁ። ደም እቀዳለሁ፣ ቅጽ እሞላለሁ፣ ከቀጠሮው የቀረ ተሳታፊ ካለ ደውዬ አፈላልጋለሁ። ፕሮቶኮሉ (የሙከራው ዝርዝር ዕቅድ) «መድኃኒቱ ከተሰጠ በ30 ደቂቃ ደም ይቀዳ» ካለ በ30 ደቂቃ እቀዳለሁ። 38 ቢሆንስ ምን ይበላሻል ብዬ ስጠይቅ ግን «ፕሮቶኮሉ ነው» ከማለት በቀር የሚያስረዳኝ አላገኘሁም። ማስተርሱን የተመዘገብኩት እንዲህ ያለው ጥያቄ ስለበዛብኝ ነው። ሥራዬን ሳልለቅ፣ አብዛኛውን በኦንላይን፣ በሁለት ዓመት ጨረስኩት።

የደቂቃዋ ነገር በመጀመሪያው ሴሚስተር፣ መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሆን በተማርንበት በክሊኒካል ፋርማኮሎጂ ተፈታልኝ። 30ኛዋ ደቂቃ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ከፍተኛ መጠኑ ላይ የሚደርስባት ልትሆን ትችላለች። በ38 ቀድቼ «38» ብዬ ብጽፍ መዘግየቱ ይመዘገባል፤ ስሌቱን የሚሠራውም ሰው ትክክለኛውን ሰዓት ይጠቀማል። በ38 ቀድቼ «30» ብዬ ብጽፍ ግን የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ ሲወጣና ሲወርድ የሚያሳየው መስመር ይዛባል፣ ማንም አይደርስበትም። ሰዓት «ማስተካከል» እንደ ምንም ሲቆጠር በዓይኔ ስላየሁ፣ ያን ቀን በጣም ደነገጥኩ።

ከሁሉም በላይ የማመሰግነው ግን ተሳታፊው ሙከራው ውስጥ ለመግባት ስለሚፈርመው የስምምነት ቅጽ የተማርንበትን ኮርስ ነው። መምህራችን ባለ 14 ገጽ ቅጽ ሰጠችንና «ፊደል ከመቁጠር በላይ ላልተማረ ሰው አንብቡለት፣ ከዚያ የገባውን ራሱ ይንገራችሁ» አለችን። እኔ «ራንደማይዜሽን» (ማን አዲሱን መድኃኒት፣ ማን ሌላውን እንደሚወስድ በአጋጣሚ መመደብ) የሚለውን «በዕጣ ትመደባላችሁ» ብዬ አቀለልኩት፤ ጥሩ አድርጌ የተረጎምኩ መስሎኝ ነበር። እንደ ተሳታፊ ሆና የተቀመጠችው የክፍል ጓደኛዬ ሰምታኝ ስትጨርስ «እንግዲህ ዕጣው ከወጣልኝ አዲሱን መድኃኒት አገኛለሁ፣ ካልወጣልኝ ደግሞ ዕድሌ ነው» አለች።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ለካ ዕጣ ሲባል የሚታሰበው ሽልማት ነው! አዲሱ መድኃኒት ይሻል አይሻል ስለማናውቅ አይደል ሙከራውን የምንሠራው? መምህራችን ወዲያው ስለ ካስት ሙከራ ነገረችን። ሃርት አታክ (ድንገተኛ የልብ ሕመም) ካጋጠማቸው በኋላ የልብ ምታቸው ለተዛባ ሰዎች የሚሰጡት ኤንካይናይድና ፍሌካይናይድ የሚባሉት መድኃኒቶች ምቱን በደንብ ያስተካክሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ውጤቱ ሲታይ ግን እነሱን ከወሰዱት መካከል የሞቱት ፕላሲቦ (መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ ክኒን) ከወሰዱት በለጡ። በዚያ ሙከራ «ዕጣው የወጣለት» ማን ነበር? ከዚያ በኋላ ቅጹን አምስት ጊዜ ጻፍኩት። አሁን ተሳታፊ ፊት ስቀመጥ «የትኛው እንደሚሻል እኛም አናውቅም፤ የሚመርጥልዎትም ሐኪሙ አይደለም፣ እኔም አይደለሁም» ብዬ እጀምራለሁ። ለዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሴሚስተሩ ሙሉ አይቆጨኝም።

ባዮስታቲስቲክሱ ግን አሳዝኖኛል። የተቀረጸ ቪዲዮ፣ ቀመር፣ ከዚያ ፈተና። የናሙና መጠን (ጥናቱ ስንት ሰው እንደሚያስፈልገው) ስናሰላ ቁጥሮቹን ሶፍትዌሩ ውስጥ ማስገባት ተማርን እንጂ ቁጥሮቹ ከየት እንደሚመጡ የጠየቀንም የነገረንም የለም። ስህተቴን ያገኘሁት መመረቂያዬን ስሠራ ነው። እስከ መጨረሻው የሚቆዩ 160 ሰዎች ያስፈልጉኝ ነበር፤ 20 በመቶው ያቋርጣል ብዬ ስለገመትኩ 20 በመቶ ጨምሬ 192 ብዬ ጻፍኩ። ከ192 ላይ 20 በመቶ ሲቀነስ ግን የሚቀረው 154 እንኳ አይሞላም። 160ን ለ0.8 ማካፈል ነበረብኝ፤ 200 ይመጣል። እንዲህ ያለውን ነገር ቪዲዮ አያስተምርም፤ አጠገብ ተቀምጦ ወረቀትህን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

የጂሲፒው (የመልካም ክሊኒካዊ ምርምር አሠራር መመሪያ) ትምህርትም አርጅቷል። መመሪያው እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ታድሶ ሳለ እኛ የተማርነው እ.ኤ.አ. የ2016ቱን ነው፤ ለውጡን በራሳችን አነበብን።

ስለ መመረቂያው ሳስብ ዛሬም ይከፋኛል። አማካሪዬ አንድ ረቂቅ አንብቦ ለመመለስ ስድስት ሳምንት ይወስድበት ነበር። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ተማሪ በዝቶበት ነው። ፕሮቶኮሌን የሥነ ምግባር ኮሚቴው ሁለት ጊዜ መለሰው፤ ሁለቱም ጊዜ ምክንያቱ አማካሪው ቀድሞ ቢያነበው ኖሮ የሚታይ ነበር። አንዱ፣ ተሳታፊው ቢያቋርጥ የተወሰደው ደሙ ምን እንደሚሆን ቅጹ ላይ አለመጻፉ ነው። ኮሚቴው ልክ ነበር፤ እኔ ግን አራት ወር አለፈኝ።

ለማን ይሆናል? ምርምር ላይ እየሠራችሁ «ለምን?» የሚል ጥያቄ ላለባችሁ፣ ወደፊት ፕሮቶኮል መጻፍ ለምትፈልጉ ይሆናል። ኮኦርዲኔተር (የሙከራውን የዕለት ሥራ የሚያስተባብር) ወይም ሞኒተር (ሥራውና መዝገቡ በትክክል መሄዱን የሚከታተል) ሆኖ ለመጀመር ብቻ ከሆነ ግን በጂሲፒ አጭር ሥልጠናና ሙከራ በሚካሄድበት ቦታ በመሥራት ቢጀመር ይሻላል ባይ ነኝ፤ ሁለት ዓመት ከመክፈል በፊት ሥራውን ትቀምሱታላችሁ። ፍላጎታችሁ በኅብረተሰብ ውስጥ የበሽታ ሥርጭትን ማጥናት ከሆነ ደግሞ የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ የበለጠ ይስማማችኋል።

ከመመዝገባችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። አንድ አማካሪ ስንት ተማሪ ይይዛል? ስታቲስቲክሱን የሚያስተምረው ሰው የተማሪውን ሥራ ቁጭ ብሎ ያያል? ፕሮቶኮሉ ለሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚገባው በስንተኛው ሴሚስተር ነው? ለሦስተኛው «በመጨረሻው» ካሏችሁ፣ በሁለት ዓመት እንደማትጨርሱ አስባችሁ ግቡ።