ለዲጂታል የድምፅ ኬብል ያን ያህል ገንዘብ እንዳትከፍሉ

የቤታችሁን የሙዚቃ መሣሪያ ለማሻሻል የተነሳችሁ ሁሉ፣ እስቲ ቆም በሉና አንድ ነገር ስሙኝ። ዳክ (ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚቀይረው ዕቃ) ወይም ሬሲቨር (ድምፁን ተቀብሎ አጉልቶ ለስፒከሮቹ የሚያድለው ዕቃ) ስትገዙ ሻጩ ከጎኑ አንድ ኬብል ያወጣል። ሳጥኑ ያምራል፣ ኬብሉ ወፍራም ነው፣ በጨርቅ ተጎንጉኗል፣ ጫፉ ወርቅ ተቀብቷል። "ይሄን የመሰለ ዕቃ በተራ ኬብል ካገናኘኸው ገንዘብህን ጣልከው" ይላችኋል። አትግዙት። አንድ የቅርብ ወዳጄ ሲዲ ማጫወቻውን ከዳኩ ጋር ለሚያገናኝ የአንድ ሜትር ኬብል የዳኩን ግማሽ ዋጋ ሊከፍል ጫፍ ደርሶ ነበር። የተነገረውን አንድ በአንድ ሲደግምልኝ በጣም ነው የተናደድኩት፣ ምክንያቱም ከተባለው ውስጥ ለዲጂታል ኬብል የሚሠራው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

የሚባለውን ታውቁታላችሁ። ባሱ ይጠነክራል። የዘፋኙ ድምፅ ወደ ፊት ይወጣል። መሣሪያዎቹ ተነጣጥለው ይሰማሉ። ደግሞ ደረጃ አለው፤ መግቢያ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ፣ ከዚያም በላይ እያለ ይቀጥላል፣ በየደረጃው ዋጋው ይዘላል፣ ድምፁም አብሮ ያድጋል ይባላል። ይህ አነጋገር የመጣው ከአናሎግ ኬብልና ከስፒከር ሽቦ ገበያ ነው። እዚያ ቢያንስ መነሻ አለው። በስፒከር ሽቦ ውስጥ የሚሄደው ሙዚቃው ራሱ ነው፣ ሽቦው በጣም ቀጭንና ረጅም ከሆነ ድምፁን በርግጥ ሊነካው ይችላል። በዲጂታል ኬብል ውስጥ የሚሄደው ግን ቁጥር ነው።

ሲዲ ላይ ያለው ድምፅ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ተለክቶ የተመዘገበ ነው። እያንዳንዱ ልኬት 16 ቢት ነው፣ ግራና ቀኙ ሲደመር በሰከንድ 1,411,200 ቢት ይሆናል። ሶኒና ፊሊፕስ ያወጡት ኤስፒዲአይኤፍ የሚባለው የማስተላለፊያ ሥርዓት ሌሎች መረጃዎችን ይጨምርበትና በሰከንድ ወደ 2.8 ሚሊዮን ቢት ይልካል። ብዙ ይመስላል እንጂ ለአንድ ሜትር ኬብል ቀላል ሥራ ነው። ተቀባዩ ዕቃ ከእያንዳንዱ ምልክት የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዜሮ ነው ወይስ አንድ? ስልክ ቁጥር በደበዘዘ እስክሪብቶ ቢጻፍላችሁ እንኳ ማንበብ እስከቻላችሁ ድረስ የምትደውሉት ለዚያው ሰው ነው። እዚህም ምልክቱ ትንሽ ቢደክም፣ ትንሽ ጫጫታ ቢቀላቀልበት፣ በትክክል እስከተነበበ ድረስ የወጣው ቁጥር ከገባው ቁጥር ጋር አንድ ነው። ባሱን ብቻ ለይቶ የሚያጠነክር ወይም የዘፋኙን ድምፅ ብቻ የሚያደምቅ ኬብል ሊኖር አይችልም፤ ቢቶቹ ይሄ የባስ፣ ይሄ የዘፋኝ ተብለው ተለያይተው አልተቀመጡማ።

ኬብሉ በእውነት ሲበላሽስ? ያኔ ማንም ሰው ይሰማዋል። ድምፁ ቋ ቋ ይላል፣ ይቆራረጣል፣ ወይም ጭራሽ ይጠፋል። እንዲህ ያለ ችግር ከገጠማችሁ ኬብሉን ቀይሩ፣ ደህና የሆነ ሌላ ተራ ኬብል ይበቃል። ድምፁ ሳይቆራረጥ እየተሰማ "ግን ትንሽ ሕይወት ይጎድለዋል" ካላችሁ ግን ጥፋቱን ሌላ ቦታ ፈልጉት።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ወርቅ የተቀባው ኦፕቲካል ኬብል ነው። ኦፕቲካሉ (ቶስሊንክ የሚባለው፣ ቶሺባ በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጣው) ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ቀይ ብርሃን ነው የሚልከው፣ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ባለው የፕላስቲክ ክር ውስጥ። ወርቅ በኤሌክትሪክ ጫፍ ላይ የሚቀባው ስለማይዝግ ነው፣ ያ ትክክለኛ ምክንያት ነው። በኦፕቲካል ጫፍ ላይ ግን ወርቁ ያለው ብርሃኑ በማይነካው ዙሪያ ላይ ነው። ምንም ሥራ የለውም። ይህን እያወቀ "ወርቁ ድምፁን ያጠራዋል" ብሎ የሚሸጥ ሰው ሌላውንም ነገር እንዴት እንደሚነግራችሁ ገምቱ። የመስታወት ክር ነው ተብሎ በብዙ እጥፍ የሚሸጠውም ያው ነው፤ መስታወት ብርሃንን ሩቅ ይወስዳል፣ ከቴሌቪዥኑ እስከ ሬሲቨሩ ላለችው አንድ ወይም ሁለት ሜትር ግን ፕላስቲኩ ይበቃል። ኦፕቲካል ላይ ልታስቡበት የሚገባው ሌላ ነገር ነው። ክሩን አጥፋችሁ አትስበሩት፣ ጫፉ ቋ ብሎ መግባቱን አረጋግጡ፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ማውጣታችሁንም እንዳትረሱ። አዲሱ ኬብል አልሠራም ተብሎ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ያቺ ክዳን ናት።

ኮአክሲያሉ (ቁጥሮቹን በብርሃን ሳይሆን በሽቦ፣ በኤሌክትሪክ የሚልከው) ደግሞ በሁለቱም ጫፉ እንደ ተለመደው የድምፅ ጃክ ነው። እዚህ ላይ የምትፈልጉት አንድ ቁጥር አለ፣ 75 ኦኽም። ሥርዓቱ የተሠራው ለዚህ ኢምፒዳንስ (ኬብሉ ለሚያልፍበት ምልክት የሚያሳየው ተቃውሞ) ነው። 75 ኦኽም የሆነ ኬብል ለማግኘት ደግሞ የከበረ ነገር አያስፈልግም። ድሮ ለቴሌቪዥን ምስል የምንጠቀምበት ባለ ቢጫ ጫፉ ኬብል 75 ኦኽም ተብሎ የተሠራ ነው፣ የሳተላይት ዲሽ ገመድም እንዲሁ። ቤታችሁ ውስጥ ቢጫ ጫፍ ያለው ኬብል መሳቢያ ውስጥ ተጥሎ ካለ መጀመሪያ እሱን ሞክሩት።

ኮአክሲያልና ኦፕቲካልን የሚለይ አንድ እውነተኛ ነገር ስላለ እሱንም ልንገራችሁ። ኮአክሲያል ሁለቱን ዕቃዎች በኤሌክትሪክ ያገናኛቸዋል። ስለዚህ ኮምፒውተር ወይም አንቴና የተሰካበት ቴሌቪዥን ስታገናኙበት አንዳንዴ ከስፒከሩ "እምምም" የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ይመጣል። ሻጩ ይህን ሲሰማ "መከላከያው የበለጠ ወፍራም የሆነ" ኮአክሲያል ያወጣላችኋል። አይፈታም፣ ችግሩ የሚመጣው በግንኙነቱ በራሱ ነውና። ርካሽ ኦፕቲካል ስካችሁ ሞክሩ፤ ግንኙነቱ ስለሚቋረጥ በዚያ በኩል የመጣ ከሆነ ይጠፋል።

አሁን ወደ ጂተር እንምጣ፣ ምክንያቱም ቢቶቹ አይለወጡም ስትሉት ሻጩ የሚመዘው ካርድ ይሄ ነው። ጂተር የሚባል ነገር አለ፣ ውሸት አይደለም። ቁጥሮቹ ትክክል ሆነው የሚደርሱበት ቅጽበት በጣም በጣም በትንሹ ሊዛነፍ ይችላል፣ ኬብልም በዚህ ላይ በመሣሪያ የሚለካ ተጽዕኖ ሊኖረው ይችላል። የማይነገራችሁ ቀጣዩ ነው። ዳክ ሠሪዎች ይህን ችግር ካወቁት ቆይተዋል፣ በደንብ የተሠራ ዳክም የሚመጣለትን ተቀብሎ በራሱ ሰዓት እንደገና ያስተካክለዋል። የአንድ ሜትር ኬብል ልዩነት ተሰሚ የሚሆንበት ዳክ ካለ መቀየር ያለበት ዳኩ ነው። ጂተርን አስፈራርቶ ኬብል የሚሸጥላችሁ ሰው ያንኑ ዳክ "ምርጥ ነው" ብሎ የሸጠላችሁ መሆኑንም ልብ በሉ።

የዩኤስቢው ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። አሁን ያሉት ብዙዎቹ ዳኮች ሰዓቱን የሚመሩት ራሳቸው ናቸው፤ ኮምፒውተሩ የሚልከው ዳኩ በሚጠይቀው ፍጥነት ነው፣ ስለዚህ የጂተሩ ወሬ እዚህ ጭራሽ አይሠራም። ከአታሚ ጋር የመጣው ኬብል ደህና ከሆነና ከአምስት ሜትር ካልበለጠ ሙዚቃውን በትክክል ያደርሳል። ኢንተርኔት ላይ ሙዚቃ ለምትሰሙት የሚሸጠው "የኦዲዮ ኤተርኔት ኬብል" (የኔትወርክ ገመድ ማለት ነው) ግን ከሁሉም የባሰ ነው። ተራ የሚባለው ካት ፋይቭ ኢ ኬብል በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ቢት እስከ 100 ሜትር ያደርሳል፣ የተበላሸ መረጃ ተለይቶ ይጣላል፣ በተለመደው የሙዚቃ ስርጭት ደግሞ እንደገና ይላካል። ያ ሙዚቃ እናንተ ጋ ከመድረሱ በፊት አገር አቋርጦ በተራ ኬብል መጥቷል። የመጨረሻዋ ሜትር ላይ የሚያማምር ነገር ቢሰካ ምን ይቀይራል?

ኤችዲኤምአይ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ፤ እዚህ ኬብሉ ለውጥ ያመጣል። የሚለውጠው የድምፁን ጣዕም ሳይሆን መሥራት አለመሥራቱን ነው። ትልቅ ምስል የሚልክ ኬብል እስከ 48 ጊጋቢት በሰከንድ ሊሸከም ይገባዋል፣ ኬብሉ ሲረዝምም ይከብደዋል። ስለዚህ "አልትራ ሃይ ስፒድ" የሚል፣ በስልክ ስካን የሚደረግ ማረጋገጫ ያለበትን ፈልጉ። ማረጋገጫው ያለበት ርካሽ ኬብል ማረጋገጫ ከሌለው ውድ ኬብል ይሻላችኋል። በረጃጅሞቹ ውስጥ ፋይበር ያለባቸው አሉ፣ እነሱ ላይ ያለው የአቅጣጫ ቀስት እውነተኛ ነው፣ ገልብጣችሁ ብትሰኩት አይሠራም። በተራ ኮአክሲያልና ኤተርኔት ላይ የምታዩት ቀስት ግን ስለ ድምፁ የሚናገረው ነገር የለም።

ሌላው ደግሞ፣ ቴሌቪዥናችሁን በኦፕቲካል ካገናኛችሁ ሁለት ቻናል (ግራና ቀኝ ብቻ) ወይም ቦታ ለመቆጠብ ከመረጃው የተቀነሰለት የዶልቢና የዲቲኤስ (የፊልም ድምፅ ማሸጊያ ዘዴዎች ናቸው) ድምፅ ነው የምታገኙት። ምንም ያልተቀነሰለትን የፊልም ድምፅ፣ እነ ዶልቢ ትሩኤችዲን፣ ከፈለጋችሁ ቴሌቪዥኑም ሬሲቨሩም ኢአርክ የሚባለው (ከቴሌቪዥኑ ወደ ሬሲቨሩ ድምፅ በኤችዲኤምአይ የሚልከው መንገድ) ያላቸው መሆን አለባቸው፣ እሱ የመጣው በ2017 እ.ኤ.አ. ከወጣው ኤችዲኤምአይ 2.1 ጋር ነው። የትኛውም ውድ ኦፕቲካል ይህን አይሰጣችሁም። የኬብሉን ዓይነት መለወጥ ጥቅም ያለው እዚህ ነው።

"እኔ ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ሱቅ ውስጥ ቀያይረው አሰምተውኛል" የምትሉ አላችሁ። ሰምታችኋል፣ አምናችኋለሁ። ግን ምን እንደሰማችሁ እናጣራ። ድምፅ በጣም በትንሹ፣ በግማሽ ወይም በአንድ ዴሲቤል ከፍ ሲል ጆሮ "ጨመረ" አይልም፣ "ተሻለ" ነው የሚለው። ዲጂታል ኬብል ደግሞ ድምፅ ከፍ ማድረግ አይችልም፣ መጠኑ ቁጥሩ ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ኬብሉ ሲቀየር ድምፁ ደመቅ ካለ የተነካ ሌላ ነገር አለ፤ ወይ ቮልዩሙ፣ ወይ የተሰካበት ሌላ መግቢያ፣ ወይ ዘፈኑ ሁለተኛ ጊዜ ሲሰማ የበለጠ ስለሚታወቅ ነው። ሱቅ ውስጥ ከሆናችሁ እንዲህ በሉ፦ ቮልዩሙ አይነካ፣ አንዱ ሰው ከጀርባዬ ይቀያይር፣ የትኛው እንደተሰካ እኔም አላይ የሚያሰማኝም አይወቅ። 16 ጊዜ ተሞክሮ 12 እና ከዚያ በላይ ትክክል ከመለሳችሁ በግምት ብቻ ያ የሚሆንበት ዕድል ከመቶ አራት አይሞላም፣ ያኔ የሰማችሁት ነገር አለ ማለት ነው። ሻጩ በዚህ ካልተስማማ ኬብሉን እዚያው ተዉለት።

ሬሲቨር ያላችሁ ደግሞ ቤታችሁ ሆናችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። በዲቲኤስ የተቀዳ ሲዲ ወይም ፋይል በዲጂታል ኬብሉ አጫውቱ። ይህ ድምፅ የሚነበበው ቁጥሮቹ ሳይነኩ ሲደርሱ ብቻ ነው። በመንገድ ላይ ቢለዋወጡ ሬሲቨሩ ዝም ይላል ወይም ይቆራረጣል። የዲቲኤስ ምልክቱ በርቶ ሙዚቃው ያለ መቆራረጥ ከሄደ ያ ርካሽ ኬብል ሥራውን በሙሉ እየሠራ ነው። ዲቲኤስ የማያውቅ ተራ ዳክ ላላችሁ ግን ይህን አትሞክሩት፣ ስፒከር ሊጎዳ የሚችል ኃይለኛ ጫጫታ ነው የሚያወጣው።

ከሁሉም አደገኛ የሆነው የሽያጭ ቃል "ኬብሉ መሟሸት አለበት" የሚለው ነው። 100 ሰዓት፣ አንዳንዴ 200 ሰዓት ካልሠራ ድምፁ አይከፈትም ይላሉ። ዲጂታል ኬብል አይሟሽም። አሁን ሂሳቡን ሥሩት፤ በቀን ሁለት ሰዓት ሙዚቃ የሚሰማ ሰው 200 ሰዓት ለመሙላት 100 ቀን ያስፈልገዋል። ዕቃ የመመለሻ ጊዜ ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ሳምንት ወይም አንድ ወር ነው። "ልዩነት አልሰማሁም" ብላችሁ ስትደውሉ "ገና ነው፣ ታገሱት" ይሏችኋል፣ እናንተ ስትታገሱ ቀኑ ያልፋል።

ገንዘቡ ካላችሁ ስፒከር ላይ አውሉት። ስፒከሩ ጥሩ ከሆነ ክፍሉን አስቡበት፤ ወፍራም መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ ስፒከሩን ከግድግዳ ትንሽ ማራቅ፣ የምትቀመጡበትን ቦታ መቀየር። ስፒከሩን ማንቀሳቀስ ደግሞ ምንም አያስከፍልም፣ ባሱ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ወዲያው ትሰሙታላችሁ።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ደረሰኙን አውጡና የመመለሻ ቀኑን ተመልከቱ። ሳጥኑን አትጣሉ፣ የኬብሉን ማሰሪያና ክዳኖች አስቀምጡ። ውዱንና ርካሹን ከላይ ባልኩት መንገድ አወዳድሩ፣ ካልለያችሁት ቀኑ ሳያልፍ መልሱት። ሻጩ "ገና አልሟሸም" ካለ መልሱን በጽሑፍ ጠይቁት፣ የመመለሻ ጊዜውንም በዚያው ልክ እንዲያራዝምላችሁ በጽሑፍ ያስፍርላችሁ። እምቢ ካለ በዚያው ቀን ኬብሉን መልሳችሁ ገንዘባችሁን ተቀበሉ።