«ካልቀነስን አንከፈልም» ላለኝ የቤት ግብር ግምት አስቀናሽ ካምፓኒ፦ ከአምስት ሁለት ኮከብ

አንዱ ኮከብ ስልክ ስለሚያነሱ ነው። ሁለተኛው ውሉ ላይ ያለውን በሙሉ ስለፈጸሙ። ውሉን ሳላነብ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

የምኖረው ዳላስ አካባቢ ነው። ከሚኒሶታ ስንመጣ «ቴክሳስ የስቴት የገቢ ግብር የለም» ብለው ነው ያማለሉን። እውነት ነው፣ የለም። ቤት ስትገዛ ግን ፕሮፐርቲ ታክሱ (በየዓመቱ በቤቱ ግምት ላይ የሚከፈለው ግብር) ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። በ2023 ኤፕሪል ላይ ከገማቹ ቢሮ የመጣው ደብዳቤ የቤቴን የገበያ ዋጋ 395,000 ዶላር አደረሰው። በዚያው ሳምንት የካምፓኒው ማስታወቂያ ፖስታ ሳጥኔ ውስጥ ገባ። ካልቀነሱ አይከፈሉም፤ ከቀነሱ ከቁጠባው 40 ከመቶ ይወስዳሉ። ፈረምኩ።

በጁላይ «እንኳን ደስ አለዎት፣ 23,000 ዶላር አስቀንሰናል» የሚል ኢሜይል መጣ። ባለቤቴ እልል አለች። ተከትሎ የ202 ዶላር ቢል መጣ፣ ከፈልኩ። የታክሱ ቢል ሲመጣ ግን በእነሱ ምክንያት አንዲት ሳንቲም አልቀነሰችም።

ወረቀቶቹን ይዤ ጋሼ ወደምለው ጎረቤቴ ሄድኩ። መነጽሩን አድርጎ አየና «አንተ ልጅ፣ ካፑን አላየኸውም እንዴ?» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምትኖርበትን ቤት ሆምስቴድ (ዋና መኖሪያ) ብለህ ካስመዘገብክ፣ ታክስ የሚሰላበት ግምት በዓመት ከ10 ከመቶ በላይ አይጨምርም። ካፕ የሚሉት ይህን ጣሪያ ነው። የእኔ በ2022 300,000 ነበር። ስለዚህ በ2023 ገበያው የፈለገውን ቢል ከ330,000 አያልፍም። እነሱ 395ን ወደ 372 አወረዱት። ሁለቱም ከ330 በላይ ናቸው! ከጣሪያዬ በላይ ያለውን አየር ነው የሸጡልኝ። ውሉ ላይ «ቁጠባ» ማለት የገበያ ዋጋው ቅናሽ በታክስ መጠኑ (የእኔ 2.2 ከመቶ) ተባዝቶ ነው ይላል፣ በደቃቃ ፊደል። ደውዬ ስጠይቅ «ለከርሞ ይጠቅምዎታል» አሉኝ። የገበያ ዋጋው ግን በዓመቱ እንደገና ተገመተ።

በ2024 ውክልናቸውን በጽሑፍ ሰረዝኩ (ዝም ካልከው ይቀጥላል) እና አቤቱታውን ራሴ አስገባሁ። ኦንላይን ነው፣ ክፍያ የለውም። ቀነ ገደቡ ሜይ 15 ወይም ደብዳቤው ከተላከልህ 30 ቀን ነው፣ ከሁለቱ የዘገየው። «ከገበያ ዋጋ በላይ ነው» እና «ከተመሳሳይ ቤቶች ጋር አይመጣጠንም» የሚሉት ሁለቱም ላይ ምልክት አደረግሁ።

ዋናው ማስረጃዬ የመኝታ ቤታችን በር ነበር። የዚህ አገር የሸክላ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲዘንብ ያብጣል፣ ቤቱንም ይዞት ይነሳል። በሩ አልዘጋም ካለ ሁለት ዓመቱ ነው። ከበላዩ ያለው ስንጥቅ ሳንቲም ያስገባል። ፎቶ አነሳሁ። ፋውንዴሽን (የቤት መሠረት) የሚጠግኑ ሰዎች አምጥቼ 18,400 ዶላር የሚል ግምት በጽሑፍ አስያዝኩ። ካምፓኒው ስለ ቤቱ አንድ ጥያቄ እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም። ቴክሳስ ውስጥ ቤት የተሸጠበትን ዋጋ ማሳወቅ ግዴታ ስላልሆነ፣ የሰፈሩን ሽያጭ ሪልተር (የቤት ሽያጭ ወኪል) የሆነ ጓደኛዬን ለምኜ አገኘሁ።

ገማቹ በስልክ አነጋገረኝ፣ ትሁት ሰው ነው። የ2024ቱ ደብዳቤ 390,000 ይላል። «365 ላድርግልህ» አለኝ። በፊት ቢሆን እግዜር ይስጥልኝ ብዬ እስማማ ነበር። የዚያ ዓመት ካፔ ግን 363 ነው። «ከዚያ ካልወረደ ለእኔ ዜሮ ነው፣ አቤቱታ ሰሚው ቦርድ ፊት እቀርባለሁ» አልኩት። ፎቶዎቹን እንደገና ከፈታቸው። ትንሽ ዝም አለ። 345,000 ላይ ተስማማን። ወደ 400 ዶላር ተረፈኝ፣ ለማንም 40 ከመቶ ሳልቆርስ።

ካምፓኒው አሁንም በየኤፕሪሉ ማስታወቂያ ይልክልኛል። በሩም አሁንም አልዘጋ እንዳለ ነው። ማስታወቂያውን አጥፌ ከሥሩ ሸጉጬበታለሁ፣ በነፋስ እንዳይንኳኳ።