ጎማውን ስወቅስ ጥፋተኛው ቸርኬው ነበር፦ የ14 ወር ልምዴ

አራት አዲስ ጎማና አራት አዲስ ቸርኬ (ጎማው የሚገጠምበት ክብ አካል) ከገጠምኩ 14 ወር ሞላኝ። 19,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄጄባቸዋለሁ። ጎማ አዲስ ሲሆን ሁሉም ጥሩ ነው፤ ለዚህ ነው በገዛሁ ማግስት ያልጻፍኩት። በሁለተኛው ወር ብጽፍ ኖሮ ደግሞ ጎማዎቹን አብጠልጥያቸው ነበር። ያለ ጥፋታቸው ስማቸው ሊጠፋ ነበር።

መኪናዬ ትንሽዬ ሴዳን ናት። ጎማው 205/55 አር 16፣ ለአዘቦት መንዳት የሚሆን የአስፋልት ጎማ ነው። የምርቱን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ከስሙ ይልቅ ጎኑ ላይ የታተሙት ቁጥሮች ናቸው የጠቀሙኝ።

መኪናዋ ስትመጣ የነበራት 195/65 አር 15 በብረት ቸርኬ ነበር። 195 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው። 15 የቸርኬው መጠን በኢንች። ወደ 16 የሄድኩት፣ እውነቱን ልናገር፣ ለመልክ ነው። የአልሙኒየም ቸርኬ አምሮኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት ብደረድር ውሸት ይሆናል። ግን ከመግዛቴ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ቁጭ አልኩ። የድሮው ጎማ ሙሉ ቁመቱ 634.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል፣ የአዲሱ ደግሞ 632 ገደማ። ልዩነቱ ሦስት ሚሊ እንኳን አይሞላም። ስለዚህ የፍጥነት መቁጠሪያው አይሳሳትም፣ ጎማውም ከፍ ብሎ ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለውን መሸፈኛ) አይነካም። በሾፌሩ በር በኩል ያለው ተለጣፊ ላይም ሁለቱም መጠኖች ተጽፈዋል። ያንን ሳላይ አልገዛም ነበር።

ከመጠኑ ቀጥሎ 91 ቪ የሚል አለ። 91 አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ቪ ደግሞ እስከ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት። 240 የመንዳት ሐሳቡም ሞተሩም የለኝም። 91ዱ ግን ቀልድ አይደለም፤ መኪናዋ ከምትጠይቀው ያነሰ ቁጥር ያለው ጎማ፣ በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

ስገዛ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። ሻጩ አራቱን ደርድሮ አቀረበልኝ። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ያብረቀርቃል፣ ሁሉም ላይ ያቺ አዲስ ጎማ ላይ የምትኖር የላስቲክ ጸጉር አለች። ጎንበስ ብዬ ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አየሁ። ሦስቱ 3223 ይላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በ32ኛው ሳምንት ተሠርተዋል ማለት ነው። አራተኛው 1119 ይላል። አራት ዓመት ይበልጣቸዋል! «ያው አዲስ ነው፣ መንገድ አልነካም» አለኝ። አልነካም፤ ላስቲክ ግን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃል። አየርና ሙቀት ያደርቁታል። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ ላይ ስንጥቅጥቅ የሚል ጎማ አይታችሁ ይሆናል፣ እሱ ነው ነገሩ። አስቀየርኩት። ትንሽ ተነጫነጨ፣ ግን አመጣልኝ። ቁጥሩ የሚገኘው በአንድ ጎን ብቻ ሊሆን ስለሚችል ጎማውን ማገላበጥ አትፈሩ።

ከዚያ መገጠም መጣ፤ መከራዬም አብሮ መጣ።

የመጀመሪያዎቹን 300 ኪሎ ሜትር ተጠንቅቄ ነዳሁ። አዲስ ጎማ ላዩ ላይ ከፋብሪካ የሚመጣ ልስላሴ ስላለው እስኪፋቅ ድረስ ያንሸራትታል። ከዚያ በኋላ ረዥም መንገድ ወጣሁ። 90 ስደርስ መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ። 100 ላይ እጄን ያሳክከኛል። 115 ሲያልፍ ይተወኛል። ተመልሼ ባላንስ አስደረግኩ፤ የጎማውና የቸርኬው ክብደት ዙሪያውን እኩል እንዲሆን ማስተካከል ነው። ማሽኑ አራቱንም ዜሮ አሳየ። ወጣሁ፣ ያው ነው። ሁለተኛ አስደረግኩ። ሦስተኛ ሌላ ቦታ ሄጄ አስደረግኩ። ሁሉም ዜሮ። «ጎማው ራሱ ክብ አይደለም» ያለኝም አለ። ሁለት ወር ሙሉ ለሰው ሁሉ «ይህን ጎማ እንዳትገዙ» እያልኩ ዞርኩ።

ነገሩ የተገለጠልኝ አንድ ቀን የፊት ቀኙን ራሴ ስፈታ ነው። ዳዶዎቹን አውጥቼ ቸርኬውን ስይዘው ብሎኖቹ ላይ ወደ ላይ ወደ ታች ተጫወተብኝ። የድሮው የብረት ቸርኬ እንዲህ አያደርግም፤ ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት የመኪናዋ ክፍል) ላይ ጥብቅ ብሎ ነው የሚቀመጥ። የዚህን መሐል ቀዳዳ ለካሁ፤ 73.1 ሚሊ ሜትር። የሞዞው ወፍራም ጫፍ 60.1 ነው። ዙሪያውን ከስድስት ሚሊ በላይ ባዶ ነው! ጣቴን አስገብቼ አዞርኩት። ጣቴ ገባ እኮ።

ለካ ብዙ ለገበያ የሚሠሩ ቸርኬዎች ለተለያዩ መኪኖች እንዲሆኑ መሐላቸው ሰፋ ተደርጎ ነው የሚበሳው። ክፍተቱን የሚሞላ የፕላስቲክ ወይም የአልሙኒየም ቀለበት ለብቻው ይገዛል። ይህን የነገረኝ አልነበረም። እኔም የጠየቅኩት የዳዶ ብዛቱንና የርቀቱን ልክ ብቻ ነበር፤ 5 በ114.3 ነው (አምስት ዳዶ፣ በ114.3 ሚሊ ክብ ላይ)፣ ገጠመ፣ በቃ አልኩ። የባላንስ ማሽኑ ደግሞ ቸርኬውን የሚይዘው በመሐል ቀዳዳው በሾጣጣ ብረት ስለሆነ ማሽኑ ላይ ሁሌም መሐል ይሆናል። መኪናው ላይ ግን የሚያማክለው ዳዶው ብቻ ነው። ጎሚስታው አየር መፍቻውን ይዞ አንዱን ዳዶ እስከ መጨረሻው ጥርቅም፣ ቀጥሎ ያለውን ጥርቅም ካደረገ ቸርኬው ወደ አንድ ወገን እንዳዘነበለ ይቀራል። ማሽኑ አልዋሸም፣ ጎማውም ክብ ነበር።

አራት ቀለበት ገዛሁ። ሞዞው ላይ ያለውን ዝገት በብረት ብሩሽ አጸዳሁ፤ ቸርኬው የሚደገፍበት ፊት ላይ ትንሽ ቅርፊት እንኳ ካለ ልክ አይቀመጥም። ቀለበቱን አስገባሁ። ቸርኬው ሲገባ «ቀጭ» አለ። ዳዶዎቹን በእጄ እስከቻልኩ አዞርኩ፤ ከዚያ በኮከብ ቅርጽ፣ አንዱን ዘልሎ ሌላውን፣ መጀመሪያ በግማሽ ኃይል። ጎማው መሬት ሲነካ በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) 103 ኒውተን ሜትር፤ የእኔ መኪና መመሪያ የሚለው ይህን ነው፣ የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል። ብሎኑ ላይ ዘይት አልቀባም። ልኩ ለደረቅ ብሎን ነው፤ ዘይት ከተቀባ በዚያው ልክ ሲጠብቅ ብሎኑን ከመጠን በላይ ይስበዋል።

በማግስቱ ወጣሁ። 90። 100። 110። መሪው ጸጥ አለ። ልቤ ቅቤ ጠጣች። ያን ዕለት ስንቱን ደውዬ «ስለ ጎማው ያልኳችሁን እርሱት» እንዳልኩ!

80 ኪሎ ሜትር ከሄድኩ በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና በቶርክ መፍቻ አየኋቸው። ከሃያዎቹ አንዱ ሩብ ዙር ያህል ሄደ። ይህ የሚጠበቅ ነው፣ በተለይ አዲስ አልሙኒየም ላይ። ጎማ ከተፈታ በኋላ ዳግም ማጥበቅን ሁሉም ይናገረዋል፣ የሚያደርገው ግን ጥቂት ነው። የዳዶውንም ቅርጽ ተመልከቱ። አንዳንዱ ጫፉ ሾጣጣ ነው፣ አንዳንዱ ክብ፣ አንዳንዱ ጠፍጣፋ። የቸርኬው መቀመጫ ከዳዶው ጋር ካልተገጣጠመ የፈለጋችሁትን ያህል ብታጠብቁ የሚይዘው በጠርዙ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጎማው ልመለስ፤ ግምገማው የእሱ ነው።

ዝናብ ላይ በጣም ደስ ይላል። ውሃ ያቆረ መንገድ ላይ የድሮዎቹ ሲንሳፈፉ መሪው ቀለል ሲለኝ ይታወቀኝ ነበር። እነዚህ ላይ እስካሁን አልገጠመኝም። ፍሬን ስይዝ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ደረቅ አስፋልት ላይ ምንም የምከሰው ነገር የለም። ኩርባ ላይ ከድሮው የተሻለ ቆፍጠን ያለ ነው፤ የዚያ ዋጋ ግን ምቾት ነው። የጎማው ጎን ከ127 ሚሊ ወደ 113 ወርዷል። አሥራ አራት ሚሊ ትንሽ ትመስላለች፣ ጉድጓድ ላይ ግን ወገባችሁ ይነግራችኋል። ሻካራ አስፋልት ላይም እም... የሚል ድምፅ አለው፤ ሬዲዮ ካልተከፈተ ይሰማል።

የጎማው ጥርስ ውስጡና ውጪው የተለያየ ስለሆነ ጎኑ ላይ «አውትሳይድ» ተብሎ የተጻፈው ወደ ውጪ መዞር አለበት። የኋላ ግራውን ገልብጠው ነበር የገጠሙልኝ። ያወቅኩት ቤት ገብቼ ሳጥበው ነው፤ ሦስቱ ላይ ጽሑፉ አለ፣ አንዱ ላይ የለም። ተመልሼ አስገለበጥኩ። ከጎሚስታው ከመውጣታችሁ በፊት መኪናዋን አንዴ ዙሯት።

ጥርሱ ሲመጣ 8 ሚሊ ነበር። ዛሬ ጠዋት ለካሁ፦ ፊት 5.6፣ ኋላ 5.9። እንዲህ የተቀራረቡት በየ8,000 ኪሎ ሜትሩ የፊቱን ወደ ኋላ የኋላውን ወደ ፊት ስላዘዋወርኩ ነው። በጎድጓዳው ውስጥ ያለችው ትንሽ ጉብታ 1.6 ሚሊ ላይ ናት፤ ጥርሱ እስዋ ጋ ከደረሰ ጎማው አልቋል። እኔ ግን እስከዚያ አልጠብቅም። ከ3 ሚሊ በታች ውሃ የማስወጣት አቅሙ በጣም ይወርዳል። በዚህ አካሄድ ገና 20,000 ይቀረኛል።

ስለ ነፋስ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ልክ መሙላት ነው። ያ ጎማው የሚችለው ጣሪያ ነው። የመኪናዋ ልክ በሩ ላይ ነው፤ የእኔ 32 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ)። የምለካው ጠዋት ሳልነዳ ነው። ነድቼ ስመለስ 36 ያሳያል፤ ሞቆ ነውና አላስተነፍሰውም። የራሴን መለኪያ የገዛሁት ነዳጅ ማደያው ያለው ከእውነተኛው 4 ፒኤስአይ አሳንሶ እንደሚያሳይ ካወቅኩ በኋላ ነው። ለወራት 36 ሞልቼ 32 ነው እያልኩ ነበር።

ሰባተኛው ወር ላይ የኋላ ግራው በሳምንት 3 ፒኤስአይ መቀነስ ጀመረ። ሳሙና ውሃ ቀባሁት። መሐሉ ላይ አንዲት ብሎን ራሷን ደብቃ ተሰክታለች፣ በዙሪያዋ ትንንሽ አረፋ። ጎሚስታው ከውጪ ገመድ ሊወትፍባት ሲል አስቆምኩት። «ወንድሜ፣ አውርደህ ከውስጥ ለጥፍልኝ» አልኩት። ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ካልበለጠና መሐል ጥርሱ ላይ ከሆነ ከውስጥ ተወትፎም ተለጥፎም ይሠራል፤ ጎማው ሲወርድ ውስጡ መጎዳቱም ይታያል። ጎኑ ላይ ቢሆን ግን ጎማው አለቀ፣ ሌላ መላ የለውም። የእኔ እስካሁን አንድም አልቀነሰም።

ስኮርታዬ (መጠባበቂያ ጎማዬ) የድሮው 15 ከነብረት ቸርኬው ነው። ቁመቱ ተመሳሳይ ስለሆነና ዳዶውም ስለሚያገለግል ችግር የለበትም። ችግሩ እኔ ነኝ። በዘጠነኛው ወር ለካሁት፤ 11 ፒኤስአይ። ያኔ መንገድ ላይ ተንፍሶብኝ ቢሆን ኖሮ ሁለት የተነፈሰ ጎማ ይዤ ነበር የምቀመጠው። አሁን አንድ ጣውላም አብሮት አለ፤ ክሪኩ ለስላሳ አፈር ላይ ሲሰምጥ አንዴ አይቻለሁና። ዳዶውን መኪናዋ ከመነሳቷ በፊት ማላላት፣ በሰያፍ ያለውን ጎማ በድንጋይ መያዝ፣ የወረደውን ጎማ ከሥሯ ማጋደም፤ ይህን ሁሉ የምታውቁት ነው። ክሪክ ላይ ከቆመች መኪና ሥር ግን እጅም ቢሆን አይገባም።

ጎማውን ድጋሚ እገዛዋለሁ። ቸርኬውን አልገዛም፤ 15ቱ ላይ ብቆይ ወገቤም ይመርቀኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት የፊት ቀኙ የውጪ ጠርዝ ከውስጡ በ0.4 ሚሊ በልጦ መበላቱን አየሁ። ባለፈው ወር ያቺን ጉድጓድ የዘለልኩባት ጎን ነው። ቅዳሜ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ) አሳያለሁ፤ ቴስቲናውንም (መሪውን ከጎማው የሚያገናኘውን መጋጠሚያ) አብረው ይዩልኝ ብያለሁ።